ጠበል የገባበት ገንዳ

ወንዳወቅ የቡሬ ሰው ነው። ወጣትነቱን በውትድርና ጨረሰ፤ ሠራዊቱ ሲበተን የውሃ ሞተር ማንቀሳቀስ ተማረ፤ ሲሸመግል ደግሞ ፍኖተ ሰላም ላይ የአንድ ነጋዴ መዋኛ ገንዳ ጠባቂ ሆነ። ነጋዴው ዳኘው ይባላል፤ አዲስ አበባ ይኖራል። ቤቱን የሠራው ለእናቱ ነው፤ ገንዳውን ግን ለእንግዶቹ። ወንዳወቅን ያስቀጠሩት እናቲቱ እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው። ወላጆቹን ቡሬ ሳሉ ያውቋቸው ነበር።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ጠዋት ውሃ በብልቃጥ ይቀዳል፤ የመመርመሪያ ጠብታ ይጨምርበታል፤ የሚያመጣውን ቀለም ልኩን ከሚያሳየው ካርድ ጋር ያስተያያል። ገንዳው የሚሞላበት የጉድጓድ ውሃ ኖራ ስለሚበዛው መጀመሪያ በአሲድ ይገራዋል፤ ካልተገራ ጀርም የሚገድለው ክሎሪን አይሠራም። ክሎሪኑን የሚጨምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ቀን ከተጨመረ ፀሐይ ትበላዋለች። ከዚያ ዝናብ ይጥላል፣ ቅጠል ይረግፋል፣ ልኩ ይዛባል። እንደገና ይጀምራል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ የክሎሪኑ ሽታ ከልብሱ፣ ሳሉም ከደረቱ አልለቅ አለ፤ ጉልበቱም ከዳው።

በ2004 ክረምት አንድ የእንግዳ ልጅ ሊሰጥም ሲል ወንዳወቅ ከነልብሱ ገብቶ አወጣው። እማሆይ ውሃው ጋኔን አድሮበታል አሉ። ከግሽ ዓባይ ጠበል በጀሪካን አስመጥተው፣ ጸሎት አድርሰው ገንዳው ውስጥ አፈሰሱት።

«ከእንግዲህ ያንን መርዝህን እንዳትጨምርበት» አሉት።

አልተከራከረም። እሱም ግሽ ዓባይ ሲወርድ እህል ሳይቀምስ የሚወርድ ሰው ነው፤ በጠበል ላይ አሲድ የሚያፈስ እጅ አልነበረውም። ውሃው ብዙም ሳይቆይ አረንጓዴ ሆነ። እንቁራሪት ገባበት።

ዳኘው ደውሎ ለመስቀል እንግዶች ይዞ እንደሚመጣ ነገረው። ገንዳው ካልጸዳ ሌላ ሰው እንደሚፈልግም ጨመረ። ወንዳወቅ በዚህ ዕድሜው ማንም እንደማይቀጥረው ያውቃል። የእማሆይን የነፍስ አባት አባ ዘሩን ሄዶ አማከረ። አባ ዘሩ ውሃውን መቀየር እንደሚችል፣ የተቀደሰ ውሃ ግን እግር በሚረግጠው ቦታ እንደማይፈስ ነገሩት።

የገንዳው መውረጃ የሚወጣው ሰውና ከብት ወደሚያልፍበት መንገድ ነበር። ወንዳወቅ መውረጃውን ዘጋና ውሃውን በቀጭን ጎማ፣ ከጓሮ በታጠረው የማንጎ ተክል ሥር እየሳበ አፈሰሰ። ጊዜ ወሰደ። ዳኘው እንግዶቹን ይዞ ሲደርስ ገንዳው ባዶ ነበር።

ዳኘው ሁልጊዜ «እርስዎ» ይለው ነበር። በዚያ ቀን በእንግዶቹ ፊት «አንተ» አለው። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡና ያዘዙት እሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ዳኘው ወንዳወቅን ለብቻው ወስዶ ገንዳውን በብረት አጥር እንደሚያሳጥረው ነገረው።

«ቁልፉ አንተ ጋ ይሆናል። እናቴን ካስገባሃቸው ሥራ የለህም።»

አጥሩ ተሠራ። ገንዳው ሞላ፤ አሲዱ ገባ፤ ክሎሪኑ ገባ። ውሃው ጠራ። ወንዳወቅ ቁልፉን አንገቱ ላይ አሰረው።

አንድ ጠዋት እማሆይ አንዲትን ልጅ የጠበል ጀሪካን አስይዘው መጡ። ልጅቷን ሸኝተው በአጥሩ በር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ክፈትልኝ» አሉት።

«አልችልም፣ እማሆይ።»

«ማን አስገብቶህ በማን ላይ ነው የምትዘጋው?»

በማግስቱም መጡ፤ በሦስተኛውም። ይቀመጣሉ፤ ይጸልያሉ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ይሄዳሉ። ወንዳወቅ ከአጥሩ ውስጥ ቅጠል እየለቀመ ጀርባውን ይሰጣቸዋል።

በአራተኛው ቀን ውሃውን ለካ። ልክ ነበር። ብልቃጡን አጥቦ አስቀመጠ፤ ከአጥሩ ወጥቶ በሩን ቆለፈ፤ ቁልፉን ከአንገቱ ፈትቶ እማሆይ ጭን ላይ አኖረው።

«አልከፍትልዎትም» አላቸው። «ግን አልዘጋብዎትምም።»

ጋቢውን ይዞ መናኸሪያ ወረደ። የቡሬው ሚኒባስ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ምን እንደሚሸት ጠየቀችው። መስኮቱን ከፈተላት።