የመትረየሱ ችካሎች
የሰሜኑ ዘመቻ ትዕዛዝ ሲደርሰን ጦራችን ቦሌ ቡልቡላ ሰፍሮ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሜዳ ያኔ የጤፍ ማሳ ነው፤ አጨዳው ካለቀ በኋላ በባዶ ሞርታር ማነጣጠር እንለማመድበት ነበር። እኔ አንድም ቀን አልተሳካልኝም። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ የሆነው ጓደኛዬ ታደለ «አንተ የተፈጠርከው አረር ለመሸከም ነው» እያለ ይስቅብኛል። እኔም አምኜው ነበር።

ሰሜን ግንባር በደረስን በሳምንቱ፣ ማለዳ ላይ፣ ታደለ ውሃ ሊቀዳ ከምሽጉ ብቅ አለ። ከፊት ለፊታችን ኮረብታ ላይ ያለው መትረየስ እዚያው የምሽጉ አፍ ላይ ጣለው። አላለቀስኩም። ያንን መትረየስ የያዘውን ሰው በእጄ መግደል ፈለግሁ።

«ሞርታሩን ለእኔ ይስጡኝ፤ ደሙን እመልሳለሁ» አልኳቸው የጓድ መሪያችንን፣ ሃምሳ አለቃ በላቸውን።

«አንተ? አረር ልትጨርስብኝ?»

«መተኮሱን እማራለሁ።»

ሌላ ተኳሽ አልቀረላቸውምና ሰጡኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተኮስኩ። ሳትኩ። አፍሬ አቀረቀርኩ። ሃምሳ አለቃው ማጅራቴን ይዘው ቀና አደረጉኝ።

«የት ወደቀ?»

«ሳትኩት።»

«መሳትህንማ አየሁ! የት ወደቀ ነው የምልህ!»

ጭሱን ስፈልግ ነፋስ ወስዶታል። ከዚያ ወዲያ የሳትኩት አረር የት እንደወደቀ ጮክ ብዬ ካልተናገርኩ ሌላ አያቀብሉኝም ነበር። «አጠረ!» «ረዘመ፣ ወደ ግራ!» መትረየሱም ዝም አላለም፤ ከእኛ ወገን ሌላ ሁለት ሰው ጣለ። ቂሜ ዓይኔን ከጭሱ አላስነቅል አለኝ። ለመሸከም የተፈጠርኩ አልነበርኩም፤ ገና ስላልተማርኩ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አረሬ እዚያው ላይ ወደቀና መትረየሱ ጸጥ አለ። «ታደለ!» ብዬ ጮህኩ። ደስ አለኝ፤ ዛሬም አልክደውም።

ኮረብታውን ስንይዝ የተኳሹን ሬሳ ለማየት ቀድሜ ወጣሁ። እኩያዬ ነበር። ከመትረየሱ ፊት ለማነጣጠሪያ ሦስት ችካሎች ተክሏል። ጎንበስ ብዬ በእያንዳንዱ ትይዩ ተመለከትኩ። የመጀመሪያው ከምሽጋችን ርቆ ባዶ ድንጋይ ያሳያል። ሁለተኛው ቀረብ ይላል። ሦስተኛው በቀጥታ ታደለ የወደቀበት ላይ ነው። እሱም እየሳተ፣ የሳተውን እያየ ነበር የተማረው።

ከእኛ ታደለን ጨምሮ ሦስት፣ ከእነሱ ሁለት ሰው ቀበርን። ቂሜ ግን አልበረደም፤ ችካሎቹን ነቅዬ ወደ ገደሉ ወረወርኳቸው።

አያት ሰፈር የሚኖሩት የልጅ ልጆቼ ፈተና ወድቀው ሲያቀረቅሩ፣ «ቀና በሉ፤ የት ጋ እንደሳታችሁ እዩ» እላቸዋለሁ። ማን እንዳስተማረኝ ሲጠይቁኝ ሃምሳ አለቃ በላቸው ነው እላለሁ። የዚያኛውን፣ የባለችካሉን፣ ስም አላውቀውም።