ውሃ የማያስገባው ሣጥን

አቃቂ ውስጥ እሠራበት በነበረው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በደርግ ጊዜ፣ በእጅ ማውጣት የማይወሰን ነገር አልነበረም። የምሳ ሰዓት፣ የእግር ኳስ ቡድናችን ማልያ ቀለም፣ የጥበቃዎቹ ውሻ ይባረር አይባረር፣ ሁሉም ድምፅ ተሰጥቶበት ቃለ ጉባኤ ተይዞበታል። ስለዚህ አንድ ቀን የኤሌክትሪክ ሣጥን የት እንደሚሰቀል ድምፅ ስጡ ስንባል ከእኔ በቀር ለመሳቅ የቃጣው ሰው አልነበረም። እኔም የሳቅሁት በሆዴ ነው።

በኤሌክትሪክ ክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ነበርኩ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ምላሷ ከካቻቪቴዋ ይሰላል ይሉኝ ነበር፤ አልዋሹም። አለቃዬ ሁሉም ሰው ካፖ የሚላቸው፣ ሙያውን ከጣልያን መካኒኮች ሥር ሆነው የተማሩ፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት የቀራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ቁጡ ናቸው፤ ቱታቸው ግን ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ወሬ ሳበዛባቸው “ልጄ፣ እጅሽ ሥራ ላይ ከሆነ አፍሽ ምን ይሠራል?” ይሉኛል። እንደ አባቴ እወዳቸው ነበር፤ ለእሳቸው ግን አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም።

የካፖ ራስ ምታት ማቅለሚያ ክፍሉ ነበር። እንፋሎቱ ጣሪያ ላይ እየተጠራቀመ ይንጠባጠባል፤ ወለሉ በየፈረቃው በውሃ ጎማ ይታጠባል፤ የሚያጥቡት ሴቶች ደግሞ ወለልና ግድግዳ አይለዩም። የማሽኑ ማብሪያ የተቀመጠበት አሮጌ ሣጥን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ውሃ ገብቶበት ሾርት አድርጓል፤ ሁለቴም ሞተር ተቃጥሏል። ከሁለተኛው በኋላ ለካፖ ደብዳቤ ደረሳቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ቢደገም እንደ ኢኮኖሚ አሻጥር ይቆጠራል ይላል። ያኔ አሻጥር የሚለውን ቃል የሰማ ሰው ትርጉሙን አይጠይቅም። ከመጋዘን ክፍል በዚህ ቃል የተወሰደ አንድ ሰው ነበረ፤ ወንበሩ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ባዶ ነበር።

ካፖ ለወራት ሲጠይቁ ቆይተው በመጨረሻ ከአንዱ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ስድስት የብረት ሣጥኖች መጡ። ማብሪያና ቫልቮላ በውስጣቸው የሚገጠምባቸው ባዶ ሣጥኖች ናቸው። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ በሁለት ትንንሽ ብሎን የተያዘች ቁጥር ያለባት ቆርቆሮ አለች። አምስቱ ላይ 21 ይላል፤ ጎንና ጎናቸው እንደ መስኮት መከለያ የተሰነጣጠቀ መተንፈሻ አለው። አንዱ ላይ 65 ይላል፤ እሱ ድፍን ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን ወፍራም ላስቲክ አለው።

“የመጀመሪያው ቁጥር ጣትና አቧራ ነው” አሉኝ ካፖ። “ሁለት ማለት ጣትሽ አይገባም፤ አቧራ ግን እንደ ቤቱ ይገባል። ስድስት ማለት አቧራም በር ያጣል። ሁለተኛው ቁጥር ውሃ ነው። አንድ ማለት ከላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጠብታ ይችላል፤ ሌላ አይችልም። አምስት ማለት የውሃ ጎማ ብትደግኚበትም ውስጡ ደረቅ ነው።” ከዚያ ድፍኑን ሣጥን እንደ በግ ጀርባውን ዳበስ አደረጉትና “ይኼ የማቅለሚያው ነው” አሉ።

አልነበረም። ዕቃው ከውጭ የመጣ ስለሆነ ክፍፍሉ በኮሚቴ መወሰን ነበረበት።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር የፋብሪካው ካድሬ ነበር፤ የውይይት ክበቡም ኃላፊ እሱው ነው። የዕቃውን ዝርዝር ከወረቀት ላይ አነበበና ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ እንዳስረዳ ጠየቀኝ። ተነሥቼ አስረዳሁ። በደንብ ያስረዳሁ መስሎኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻው አስተማሪ የነበሩ አንድ የኮሚቴ አባል ግን ራሳቸውን ነቅንቀው “ስልሳ አምስት አልፏል፤ ሃያ አንድ ግን ወድቋል” አሉ። ከዚያ በኋላ የእኔን ማብራሪያ ያስታወሰ የለም።

“ከሁሉ የበለጠው ሣጥን” አለ ሊቀ መንበሩ፣ “ከሁሉ ለበለጠው ቦታ መሆን አለበት። የበላይ አካል ሲመጣ የሚቀመጠው የት ነው? ክበባችን ውስጥ ነው።”

ካፖ እጃቸውን አወጡ። “ጓድ ሊቀ መንበር፣ ክበቡ ውስጥ ምን ይዘንባል?”

“ወሬ” አልኩ እኔ፣ ቀስ ያልኩ መስሎኝ። ከኋላ ሁለት ሴቶች ፍርስ አሉ። ሊቀ መንበሩ ዓይኑን ጣለብኝ፤ መሬት መሬት አየሁ።

“ማቅለሚያው እጅግ ሙቀት ነው” አሉ አስተማሪው፣ ጥናት ያደረጉ ይመስል። “ባለ መተንፈሻው እዚያ ቢሆን ዕቃው አየር ያገኛል።” ይኼ ሁሉንም ደስ አሰኘ። ድምፅ ተሰጠ፤ ከሁለት ሰው በቀር እጅ ያላወጣ አልነበረም። 65 ቁጥር ለክበቡ፣ 21 ቁጥር ለማቅለሚያው ተብሎ ተጻፈ። ካፖ ሲፈርሙ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

ሳምንት ሙሉ ሁለቱም ሣጥኖች በየቦታቸው እስኪሰቀሉ ካፖ አልተቆጡኝም። ይኼ አስፈራኝ። የተሳሳተ ሽቦ ባስርም “እሺ ልጄ” ብቻ። ሰውየው ሦስተኛውን ሾርት ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነበር።

እኔ መጠበቅ አልወድም። ቅዳሜ ከሰዓት ካፖ ለቅሶ ሊደርሱ ሳሪስ አቦ ሄዱ፤ ማሽኑም ለጥገና ቆሞ ነበር። ሁለቱንም ሣጥኖች አወረድኩና አቀያየርኳቸው። ድፍኑን ማቅለሚያ፣ ባለ መተንፈሻውን ክበቡ ውስጥ ሰቀልኩ። ከዚያ ዋናው ነገር፦ ትንንሾቹን ቆርቆሮዎች በካቻቪቴ ነቅዬ እነሱንም አቀያየርኩ። ቃለ ጉባኤው 21 ቁጥር ለማቅለሚያ ብሏል፤ ማቅለሚያው ውስጥ የተሰቀለው 21 ይላል። የሰፊውን ሠራተኛ ውሳኔ በአንድ ቁጥር እንኳ አላጓደልኩም። የክበቡን መተንፈሻ ሰው እንዳያየው ከፊቱ አንድ ትልቅ መፈክር ሰቀልኩበት። ሊቀ መንበሩ ሰኞ ሲያየው አመሰገነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ንቃቴ እየዳበረ መሆኑን ነገረኝ።

ለካፖ ትንፍሽ አላልኩም። ቢጠየቁ አላውቅም ሲሉ ውሸት እንዳይሆንባቸው ብዬ ነው።

ወር ሳይሞላ የበላይ አካል ለጉብኝት መጣ። ጠዋት ፋብሪካው ከጣሪያ እስከ ወለል ታጠበ፤ እንግዶቹ ማቅለሚያ ሲደርሱም እጥበቱ አላለቀም ነበር። አንዷ አጣቢ ትጋቷን ልታሳይ የውሃ ጎማውን አንሥታ በቀጥታ ሣጥኑ ላይ ለቀቀችው። ካፖ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ የእሳቸውን ፊት አየሁና ምነው በነገርኳቸው ኖሮ አልኩ።

ማሽኑ መዞሩን ቀጠለ።

ሊቀ መንበሩ እንግዶቹን ሰብስቦ ሣጥኑ ሥር አቆማቸው። ሰውየው ቁጥር እንጂ ሣጥን አያይም። ጣቱን ቆርቆሮዋ ላይ አድርጎ፣ አንዳንድ ባለሙያዎች እዚህ ቦታ ሃያ አንድ ቁጥር አይሆንም ብለው እንደነበረ፣ ሠራተኛው ግን በጋራ አእምሮው የተሻለ እንዳወቀ አስረዳ። ተጨበጨበ። ካፖ ዓይናቸውን ከፍተው ሣጥኑን አዩ፣ የላስቲኩን ጠርዝ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ብዙ ቆዩብኝ። አፍንጫቸውን አከክ አደረጉና ዞር አሉ። ያን ቀን ከሰዓት ቫልቮላ አስቀመጥሽ አላስቀመጥሽ ብለው ሲጮሁብኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ደስታዬ ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ተላላኪው አንድ በታይፕ የተመታ ደብዳቤ ወደ ወርክሾፑ ይዞ መጣ። ሊቀ መንበሩ በድሉ ተደስቶ ለእህት ፋብሪካዎች ሁሉ የግዥ ሐሳብ አቅርቧል፦ ለማቅለሚያና ለማጠቢያ ክፍሎች በተግባር የተፈተነው 21 ቁጥር ሣጥን ይታዘዝ ይላል። ከታች ቦታ ተትቷል፤ “ያረጋገጠው ባለሙያ” ይላል፤ የካፖ ስም ተጽፎበታል። እስከ ነገ ጠዋት ተፈርሞ እንዲመለስ።

ካፖ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አራት አጠፉት፣ የቱታቸው ኪስ ከተቱት። “ደህና ዋዪ” ብለው ወጡ።

እኔ የሠራሁት ተንኮል አንድ ሽማግሌ ያድናል ብዬ ነበር። አሁን በየፋብሪካው እንደ እሳቸው ያለ አንድ ሰው እርጥብ ግድግዳ ላይ ባለ መተንፈሻ ሣጥን ሊሰቀልለት ነው፤ ከሥሩም የእሳቸው ፊርማ ሊኖር ነው። እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ገና ሥራ ሳይጀመር እውነቱን ልናገር ወደ ሊቀ መንበሩ ቢሮ ደረጃውን ወጣሁ።

በሩን ስከፍት ካፖ ከሊቀ መንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ቱታ አልለበሱም፤ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰዋል። እግራቸው ሥር በገመድ የታሰረ ጥቅል አለ፦ ብርድ ልብስ፣ ቅያሪ ሸሚዝ፣ ከላይ የተሻጠ መፋቂያ። ያን ጊዜ የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ጥቅል ለምን እንደሚያዝ ያውቃል።

“ሣጥኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ” አሉኝ። “አንቺ ውጪ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

“ውሸታቸውን ነው!” አልኩ። “እኔ ነኝ። ቅዳሜ ቀን። እሳቸው ለቅሶ ላይ ነበሩ።”

“ዝም በይ!”

“አልልም!”

ሊቀ መንበሩ ተራ በተራ አየን። “አንድ ሣጥን ለሁለት ሰረቃችሁ?” አለ። ከዚያ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ያገላብጥ ጀመር። እኛ ስለ ጥፋታችን የሚያስብ መስሎናል፤ እሱ ግን እንግዶቹ ፊት ያደረገውን ንግግር እያሰበ ነበር። ነገሩ ከወጣ የሚሳቀው በማን እንደሆነ ከእኛ ቀድሞ ገብቶታል። ታይፒስቷን ጠራ።

“ደብዳቤው ላይ ሃያ አንድ የሚለው የታይፕ ስህተት ነው። ስልሳ አምስት ተብሎ ይታረም” አላት። እሷ ስህተት እንዳልሠራች ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። “ቃለ ጉባኤም ያዢ። የውይይት ክበቡ የተመደበለትን ሣጥን ለማቅለሚያው ሠራተኛ ሲል በፈቃዱ ለቋል።” ወደ እኔ ዞረ። “አንቺ ቆርቆሮዎቹን ዛሬውኑ ወደየቦታቸው መልሺ። ዳግመኛ ካቻቪቴ ይዘሽ ክበቡ አጠገብ እንዳላይሽ።”

ካፖ ትክክለኛውን ደብዳቤ ፈረሙ፤ ወረቀቱ አልተቀደደም። ደረጃውን ስንወርድ ግን ሲጋራ ሊያቀጣጥሉ ሞክረው ሦስት ክብሪት ጠፋባቸው። አራተኛውን እኔ ለኮስኩላቸው።

“ጥቅሉን ያዢና ቀድመሽ ቤት ሂጂ” አሉኝ። “ባለቤቴን ተሰናብቻት ነው የወጣሁት። ሳታውቅ በር ላይ ብታየኝ ልቧ ይቆማል። ለምሳ እመጣለሁ በያት።”

በሐዲዱ ዳር ዳር ሮጥኩ። ቤታቸው ከባቡር ጣቢያው ብዙ አይርቅም። ባለቤታቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለት ጎረቤቶች ግራና ቀኝ ይዘዋቸዋል። ጥቅሉን በእጄ ሲያዩ ተነሡ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ለምሳ ይመጣሉ” አልኩ እያለከለክሁ። “ደህና ናቸው፣ እትዬ። ምንም አልሆኑም። ለምሳ ይመጣሉ።”

አቀፉኝ። በጣም አጥብቀው አቀፉኝ፤ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ለቀቁኝና ዓይኔ ብልጭ እስኪል በጥፊ አጮሉኝ። ለሊቀ መንበሩ የዋሹት ሰውዬ ለሚስታቸው እውነቱን ነግረዋቸው ነበር።

“በይ ግቢ” አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። “ሽንኩርት ላጪ።”