የአያ ሞላ ወንበር

ለምርቃቴ ቤተሰቡ ፎቶ ሊነሳ ጎንደር ፒያሳ ፎቶ ቤት ገብተን፣ ባለሙያው «አባት ወንበሩ ላይ ይቀመጡ» ሲል የአያ ሞላ ወንበር ትዝ ብሎኝ ሳቄ መጣ።

ከዓመታት በፊት ጦርነቱ ከአዲ አርቃይ አፈናቅሎን ደባርቅ መጠለያ ነበርን፤ አባቴ በሽሽቱ ጠፍቶብናል። አንዲት ፎቶ አንሺ የተፈናቃዮችን ምኞት እየጠየቀች ልታነሳን መጣች። እናቴ ግን ካሜራውን ስታይ ለእርዳታ ዱቄት ካርድ የሚመዘግቡ መሰላት። አባወራ የሌለውን ቤት እንዳይዘሉት ፈርታ ሽማግሌ ጎረቤታችንን ለመነች።

«አያ ሞላ፣ ለዛሬ ብቻ የቤቱ አባወራ ሁንልን።»

አያ ሞላ ዝናብ ዝናብ የሚሸት ጋቢውን አስተካክሎ፣ እንደ ዳኛ ኮስተር ብሎ ከድንኳናችን ባወጣነው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኛ ከኋላው ተደረደርን።

«አባባ፣ ምኞትዎ ምንድን ነው?» አለችው ፎቶ አንሺዋ።

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። አያ ሞላ «የዚህ ወንበር ባለቤት መጥቶ እንዲያስነሳኝ» አላት።

በእኛ የተሰላቸ መስሎኝ አለቀስኩ። እናቴም አለቀሰች።

አባቴ ለመስቀል ሰሞን በእግሩ ደረሰ። አያ ሞላ ያንኑ ወንበር ከድንኳኑ ጎትቶ አወጣለትና «ተመስገን! በል ተቀመጥ፣ እኔስ ወገቤ ተቆረጠ» አለው። የምኞቱ ነገር የገባኝ ያኔ ነው።

ዛሬ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አባቴ ወንበሩን አይቶ አልተቀመጠም። አብሮን መጥቶ በሩ ጋ የቆመውን አያ ሞላን ክንዱን ይዞ አምጥቶ አስቀመጠው።

«ምነው፣ አንተ እያለህ?» አለ አያ ሞላ ሊነሳ እየሞከረ።

አባቴ ትከሻውን ጫን አድርጎ ወደ ባለሙያው ዞረ።

«ሌላ ወንበር አምጣልን» አለው።