ሐያት የፈታችው ምንጣፍ

ሙሉነሽ የበደለችኝ ዓምና፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እንግዶች በመጡ ቀን ነው። ስሟን የምጠራው እንድታነበው ብዬ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ወጣቶች የሚውሉበት የአንድ ትንሽ ማዕከል አስተባባሪ ናት። እኔ ከፋብሪካ ጡረታ ወጥቼ እዚያ በበጎ ፈቃድ አገለግል ነበር። ለምን እንደገባሁ የራሴ ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ከሰፈሬ ከፋሲሎ በእግሬ ሄጄ ስደርስ ሰማያዊ ጋውን ሰጠችኝና ሐያት ከምትባል ልጅ አጠገብ አስቀመጠችኝ። ሐያት ሃያ ዓመት አልፏታል። ቃል አትናገርም፤ ስትደሰት ትጮኻለች፤ ምራቋ ይዝረበረባል። ጫማዋን ላስርላት ጎንበስ ስል ሙሉነሽ እጄን ያዘችኝ።

“እትዬ፣ እርስዎ ይጀምሩና መጨረሻውን ለእሷ ይተዉላት። ሠራሁ የሚለው የጨረሰ ሰው ነው።”

ሥራው በሙሉ ይኸው ነበር። በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ምንጣፍ መሥራት ስናስተምር ደንገሉን አስተኝቼ፣ ገመዱን አዙሬ፣ አጥብቄ፣ ቋጠሮውን ለሐያት እተዋለሁ። መቋጠሩን ስትለምድ ማጥበቁን ጨመርሁላት፤ ከዚያ ማዞሩን። እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት ይኬዳል። እሷ የቋጠረችውን ማንም አይነካም፤ ቢላላም አይነካም። ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ ሙሉነሽ ናት፤ አልክድም። በኋላ ክው ያልሁትም ለዚህ ነው።

የሐያት አባት አቶ ሰይድ ከጣና ዓሣ ያሰግራሉ። እኔ ከገባሁ በኋላ፣ ወደ ማዕከሉ ታመላልሳት የነበረችው እናቷ ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ወደ ሐይቁ ሲወጡ ልጅቱ ቤት ተዘግቶባት ትውል ነበር። እንዲመልሷት ቤታቸው ተመላልሼ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። ሰው ይስቅባታል አሉኝ። አይስቅባትም አልሁ። በር መዝጋቱማ እኔንም አያቅተኝም፣ እዚያም የሚዘጋባት ከሆነ ከቤቷ ለምን አወጣታለሁ አሉ። አይዘጋባትም ብዬ ቃል ሰጠሁ። በዚያ ቃል ልጅቱን ሰጡኝ።

ማዕከሉን ይረዳሉ የተባሉ እንግዶች ሊመጡ ሲሉ የሐያት ምንጣፍ አንድ ረድፍ ቀርቶት ነበር። ሙሉነሽ፣ ሐያት እንግዶቹ ፊት ትጨርሰዋለች፣ አባቷንም ይጥሩልን አለችኝ። አቶ ሰይድ ሲነገራቸው ሳቅ አሉ። ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር።

በዕለቱ ጠዋት ሙሉነሽ ለእንግዶቹ ለስላሳ እንድገዛ ላከችኝ። ስመለስ እንግዶቹ ገብተዋል። በሐያት ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሐያት አይደለችም። የሙሉነሽ የእህት ልጅ ናት፤ ኮሌጅ የምትማር፣ ምንም የማይጎድላት ልጅ። አንገቷን ዘመም፣ አፏን ከፈት አድርጋ የመጨረሻውን ረድፍ ትቋጥራለች። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ጠርሙሶቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥሁ።

የጓሮው መጋዘን በር ሲደበደብ ሰማሁ። ሙሉነሽን ወደ ጎን ሳብሁና ማን ነው አልኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች መለሰችልኝ።

“ሐያት ናት። ምራቋን አይተው ይሳቀቃሉ እትዬ። ለእሷው ብዬ ነው፤ ሲሄዱ እከፍትላታለሁ።”

ድምፅዋ ስለ ገበያ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር።

ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ነበር። ከፈትሁ። ሐያት ከመጥረጊያና ከጆንያ መካከል ወጣች። እኔን ዘወር ብላም አላየችኝ፤ በቀጥታ ወደ ምንጣፏ ሄደች። የመጨረሻውን ረድፍ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ መፍታት ጀመረች። የልጅቱን ቋጠሮ ፈትታ አላቆመችም፤ የራሷንም ቀጠለች። የወራት ሥራ መሬት ላይ ተበተነ። የእህት ልጇ ብድግ ብላ ግድግዳ ተጠጋች፤ አንገቷም በአንዴ ተቃና።

ሙሉነሽ ወደ እንግዶቹ ዞራ “ይቺ አዲስ ናት፤ ሕመሟ ተነሥቶባት ነው” አለች።

አቶ ሰይድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። መቼ እንደደረሱ አላውቅም።

“ልጄ የት ነበረች?” አሉ።

ሙሉነሽ አፈጠጠችብኝ። አንድ ነገር ፈጥሬ ብናገር ሐያት በማግስቱ ወደ ማዕከሉ ትመለስ እንደነበር እኔም አውቀዋለሁ።

“መጋዘን ውስጥ። ተቆልፎባት” አልሁ።

አቶ ሰይድ አልጮኹም። ከደንገሉ መካከል ገብተው የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ “ነይ እናቴ፣ ወደ ቤታችን” አሏት። በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

“እትዬ፣ እኔ ያመንሁት እርስዎን ነበር።”

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሙሉነሽ ጠራችኝ። በነጻ የሚያገለግል ሰው እንዲህ ያዋርዳል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቀችም። “ደመወዝ የለዎትም፤ እዚህ ቤት ቃልም የለዎትም” አለችኝ። ጋውኑን አውልቄ ወንበር ላይ ጥዬላት ወጣሁ። ለሰፈሩ ሰው ጃጅታለች ብላ ነገረች። ያመኗትን አውቃቸዋለሁ፤ ሰላምታ ነሥቻቸዋለሁ። እሷ ዛሬም አስተባባሪ ናት።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምለው አንድ ነገር ነው፦ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ከልጆቹ አጠገብ አትነሡ። ለስላሳውን ሌላ ሰው ይግዛ።

እኔ በሳምንቱ አቶ ሰይድ ቤት ሄድሁ። አልከፈቱልኝም። ደግሜ ሄድሁ፤ አልከፈቱልኝም። ክረምቱ ሲገባ ከፈቱ። አሁን እሳቸው ወደ ሐይቁ ሲወጡ እኔ ሐያት ዘንድ እውላለሁ። ደንገል ስሰጣት አትነካም። ልብስ አብረን እናጥባለን።