የማኪያቶው ምርቃት

ነጻ ነው ተብዬ የገባሁበት የመንግሥት ሥልጠና ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ብርና አንድ ጢም አስወጥቶኛል። ብሩ ለታክሲ፣ ለነጭ ሸሚዝ፣ እቤት ለተለማመድኩበት ወተትና ለሁለተኛው ፈተና ሄደ። ጢሙን ያስላጨኝ የንጽሕና ደንብ ነው።

ከዚያ በፊት የሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ሲነሳ ገበያውን ተከትዬ ከተማ ዳር ወጣሁ፤ ትርፌን ታክሲና ጫኝ ሲበሉት ጊዜ ተመለስኩ። ወረዳ ሄጄ ሥራ ፈላጊ ብዬ ስመዘገብ ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«ለልጅዎ ነው?»

«ለራሴ ነው። ልጄማ ሥራ አላት።»

የቡና ማሽን ሥልጠና መረጥኩ። የፒያሳ ሰው ምሳውን ይተዋል እንጂ ማኪያቶውን አይተውም። ከስድስት ኪሎ ወረድ ብሎ ባለ ኮሌጅ፣ በልጆቼ ዕድሜ ካሉ ሰዎች ጋር፣ ወተት ማፍላት እንደ አዲስ ተማርኩ።

ወረዳው ቃል የገባልን ቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለች አንዲት ኪዮስክ ነበረች፤ ማሽኗ በብድር ይገባል። ቅድመ ሁኔታው ግን አምስት ሰው መደራጀት፣ አምስቱም ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ምዘና ማለፍ ነው። አንድ ሰው ከወደቀ ኪዮስኳ ለሌላ ቡድን ትሄዳለች። አራት ሴት ልጆች ተደራጅተው አምስተኛ ጎድሏቸው ነበርና እኔን ወሰዱኝ፤ ወደውኝ እንዳይመስላችሁ። ሰብሳቢያችን ምላሷ ምላጭ የሆነ የአራዳ ልጅ ነበረች። የማሽኑን እጀታ በያዝኩ ቁጥር «ፋዘር፣ ይሄ የሽንኩርት ጆንያ አይደለም፣ አይነቅንቁት!» ትለኛለች።

የምዘናው ቀን አራቱ ልጆች አለፉ። ተራዬ ደረሰ። መዛኙ፣ ፊቱ የማይፈታ ጎልማሳ፣ ሦስት ማኪያቶ አዘዘኝ። ቡናውን በልኩ አወረድኩ፣ ወተቱን እንደ ሐር አደረግኩት። እስከዚያ ድረስ የሚወጣልኝ እንከን አልነበረም። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽንኩርት መዝኜ፣ በላዩ አንድ ራስ ጣል ሳላደርግ ፌስታል አስሬ አላውቅም። ደንበኛ ፊቴ ከቆመ እጄ ሳያማክረኝ ይመርቃል። ስኒዎቹን ከተሰመረው ልክ አሳልፌ ሞላሁና በተረፈው ወተት አራተኛ፣ ትንሽዬ ስኒ ትሪው ላይ አኖርኩ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መዛኙ።

«ምርቃት ነው፣ ጌታዬ።»

«አልታዘዘም።»

«ምርቃት ይታዘዛል እንዴ?»

አልሳቀም። እነዚህ ሰዎች ወደቅህ አይሉም፤ «ገና ብቁ አይደሉም» ነው የሚሉት። ልብሱ የተለወጠ ያው ውድቀት ነው።

«በምርቃት የወደቀ ሰው በዓለም ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት!» ብላ ሰብሳቢያችን በሩ ላይ ጮኸችብኝ። ከልጆቹ አንዷ ለኪዮስኳ ብላ የአስተናጋጅነት ሥራዋን ለቃ ነበር። እሷ ሽርጧን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከጩኸቱ ይልቅ ያ ሽርጥ ከበደኝ።

ድጋሚ ምዘና ተፈቀደልኝ፤ ወረዳውም እስከዚያ ብቻ እንደሚጠብቀን ነገረን። ሰብሳቢያችን ቤቴ መጣችና ከሚስቴ ጋር መከረች። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ደንበኛ ሆነው ይቀመጣሉ፣ እኔ እቀዳለሁ፣ እነሱ ይለምናሉ።

«ጋሼ፣ ኧረ ትንሽ ይመርቁልኝ! ደንበኛዎ አይደለሁም እንዴ?»

ሚስቴ የባሰች ናት። «ለሰፈሩ ሴት ሁሉ ስትመርቅ ኖረህ ለእኔ ትሰስታለህ?»

በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢ አልኳት። ለምዘና ባይሆን ኖሮ አልደፍርም ነበር።

በድጋሚው ምዘና ቀን ያው መዛኝ፣ ያው ሦስት ማኪያቶ። መስመሩ ላይ ስደርስ አቆምኩ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ወተት ቀርቷል፤ ቀኝ እጄ በላኝ። በግራው ያዝኩት። መዛኙ ከሦስቱም ቀመሰና ትሪውን ቃኘ።

«ዛሬስ የለም?»

«የታዘዘው ሦስት ነው፣ ጌታዬ።»

ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። «ብቁ ነዎት» አለ።

ልጆቹ ግቢ ውስጥ እልልታውን ሲያቀልጡት ጥበቃው ሙሽራ የመጣ መስሎት በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ። ያቺ ሥራዋን የለቀቀችው ልጅ ሽርጧን ከቦርሳዋ አውጥታ እንደ ባንዲራ አውለበለበችው። ሰብሳቢያችን አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ «ፋዘር፣ አንደኛ!»

ኪዮስኳ ተከፈተች። የመንግሥት መስመር እዚያው ኮሌጁ ቀረ፤ እዚህ ለእያንዳንዱ ማኪያቶ ከጎኑ አንድ ጉንጭ ወተት በትንሽ ስኒ እመርቃለሁ። ሰብሳቢያችን «ሊያከስሩን ነው፣ ፋዘር!» ብላ ነበር። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዳገቱን እየወጡ የሚሰለፉትን ሹፌሮች ካየች ወዲህ ትንንሾቹን ስኒዎች የምታጥበው ራሷ ናት።

አንድ ጠዋት መዛኙ መጣ። ማኪያቶ አዘዘ፤ ትንሿን ስኒ ከጎኑ አስቀመጥኩለት።

«አልታዘዘም» አለና ጠጣት።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶው ብር ተመልሷል። ጢሙ አልተመለሰም። ከማሽኑ ብድር ክፍያ በኋላ የወር ድርሻዬ አሥራ አራት ሺህ ብር ነው።