ፒያኖዋን «አይዞሽ» ያሏት ሰዎች

«ክብሪት» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣለት ግንቡ ነው። ግንቡም ቢሆን እውነተኛ ስሙ አይደለም፤ ከባሕር ማዶ ካለች ደሴት የመጣ፣ በር ላይ ሲቆም ብርሃን የሚከለክል ወጠምሻ ስለሆነ ነው እንዲያ የሚሉት። ሁለቱ የሚሠሩት ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች ዕቃ በሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ ነው። መኪናውን የሚነዱትም ሥራውን የሚያዙትም አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውን ሁሉም «አለቃ» ይላቸዋል።

ክብሪት ወደዚህ ከተማ የመጣው ሚስቱንና ገና የምትድህ ሴት ልጁን ይዞ ነው። በሰው አገር ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነውና፣ የተሰጠውን ቱታ ማታ ማታ ሚስቱ እያጠበች፣ እሱ እያጠፈ፣ እንደ ክት ልብስ ነበር የሚይዙት። ቀጭን ነው እንጂ ደካማ አይደለም። ወፍጮ ቤት ጆንያ ሲሸከም ነው ያደገው። እናቱ «የኔ ልጅ ሥጋው ቢጠፋም አጥንቱ ይሸከማል» ትል ነበር።

ይሁን እንጂ ገና በመጀመሪያው ቀን ሶፋ አሳፈረው።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አሉ አለቃ በከተማው ቋንቋ። ግንቡ ብድግ አደረገ። ክብሪት ገና እንዳጎነበሰ ነበር። ሶፋው አዘነበለና እግሩ የክብሪትን ቅልጥም ልጥ አደረገው።

«ምነው ወንድሜ፣ እንቅልፍ ነው?» አለ ግንቡ።

በማግስቱ ደግሞ ቡፌ ሲያነሱ ያው ሆነ። ቡፌው ወደ ክብሪት ጎን ተንጋደደ፣ በሩ ተበረገደ፣ እጀታው አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ጫረው። አለቃ ጭረቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። አመሻሽ ላይ መኪናው ውስጥ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ሰው አክባሪ ነህ፣ ሰዓትም አታዛንፍም። ዕቃው ግን የከበደህ መሰለኝ። ዓርብ ፒያኖ አለብን፣ ያውም ከሦስተኛ ፎቅ። እሱንም እንደ ቡፌው ካዘነበልክብኝ ሌላ ሰው መፈለጌ ነው። አትቀየመኝ።»

«ኧረ ምን ቆርጦኝ፣ አለቃ!» አለ።

ለሚስቱ ላይነግራት ወስኖ ነበር የገባው። ሚስት ግን ሚስት ናት። ሱሪውን ሰብሰብ ሲያደርግ ቅልጥሙን አየችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ሶፋ ነክሶኝ ነው።»

«ጥርስ ያለው ሶፋ?»

ተናገረ፤ አንዱንም ሳያስቀር ዘረገፈው።

«ከበደህ አሉህ? አንተን? ሁለት ሻንጣ፣ ልጅህንና እኔን ተሸክመህ ባሕር የተሻገርከውን?»

«አንቺንስ አልተሸከምኩም።»

«ንዝንዜን ተሸክመሃል፤ እሱ ይከብዳል» አለችውና ሳቁ።

እንደዚህ እየተጨዋወቱ ሳለ በር ተንኳኳ። የላይኛዋ ጎረቤታቸው ነበረች። እሷም በሌላ ማዶ ካለ አገር የመጣች፣ ወንዶች ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች ሴት ናት። ለሕፃኗ ልብስ ማስቀመጫ እንዲሆን ባለ መሳቢያ ኮመዲኖ ልትሰጣቸው ቃል ገብታ ነበርና፣ እንደምንም ጎትታ በራቸው ላይ አድርሳዋለች። ክብሪት ሊያነሳ ሲነሳ ሚስቱ አስቀመጠችው።

«አንተ ልጅህን ያዝ። ቅልጥምህ ይረፍ። ነይ እህቴ፣ እኛው እንበቃዋለን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!»

ጎረቤቷ ብድግ አደረገች፤ ሚስቱ ገና ነበረች። ኮመዲኖው ተንጋደደና መሳቢያዎቹ ተንሸራተው ወጡ። ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መልሰው ከተው እንደገና ጀመሩ። አሁን ሚስቱ ጎረቤቷን እንዳታስቸግር ብላ ልክ «ሦስት» ሲባል አነሳች። ጎረቤቷም በበኩሏ ሚስቱን እንዳታስቸግር ብላ ጠበቀች። መሳቢያዎቹ በዚያኛው በኩል ዘጭ!

ክብሪት ልጁን መሬት አስቀምጦ ብድግ አለ።

«ቆይ ቆይ ቆይ! ጉልበት አይደለም እኮ! እኛ 'ሦስት' ተብሎ ካለቀ በኋላ ነው የምናነሳው። እነሱ ሦስት ላይ ያነሳሉ!»

«ታዲያ ሶፋውን ማነው የጣለው?»

«ሦስት ነዋ!»

«ወይ ጉድ! ሦስትን ማን ያባርርልህ?» አለች ሚስቱ። «ለአለቃህ ንገራቸዋ።»

«ብነግራቸውስ? አንቺ እንዳደረግሽው እኔ ለግንቡ ብዬ ስቸኩል፣ እሱም ለእኔ ብሎ ቢጠብቅስ? ፒያኖ መሳቢያ የለውም፤ እኛው ላይ ነው የሚወርደው።»

ሴቶቹ ኮመዲኖውን ለሦስተኛ ጊዜ ይዘው አጎንብሰው ነበር። ይሄኔ ሕፃኗ የወንበር እግር ጨብጣ ለመቆም ቂጧን አነሳች። እናት አፏ አላስቻላትም፤ እንደ ልማዷ ድምፅዋን ከታች አንስታ እየሳበች፣

«አይ... ዞ... ሽ!»

ጎረቤቷ ይህን ቃል ቀኑን ሙሉ ከወለሏ ሥር ስትሰማው ከርማለች። መቼ እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያርፍ ከእናቲቱ እኩል ታውቀዋለች። «ሽ» ስትባል የሁለቱም ክንድ ባንድ ጊዜ ተነሳ፤ ኮመዲኖውም እንደ ሞላ ብርጭቆ ቀጥ ብሎ ገባ። ሦስቱም ተያዩ።

ዓርብ ደረሰ። የፒያኖዋ ባለቤት፣ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላቸው እናት፣ ደረጃው አናት ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ፒያኖዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ በቀበቶ ታስራለች። ክብሪት ቀበቶውን ከመጨበጡ በፊት ወደ አለቃ ዞረ።

«አለቃ፣ ዛሬ ባንቆጥርስ?»

ነገሩን አስረዳና ቃሉን አሰማቸው።

«ለፒያኖ ልትጸልይላት ነው?» አለ ግንቡ። «ምን ማለት ነው?»

«ልጄ ልትቆም ስትል የምንላት ነው። አትፍሪ፣ ትችያለሽ፣ እኛ አለን እንደማለት።»

«ይሄ ሁሉ ባንድ ቃል?»

«ትንፋሹን ለደረጃው እንድንቆጥብ ነው።»

አለቃ ፈገግ አሉ። «በሳጥን ሞክሩት» አሉ። መጻሕፍት የታጨቁበትን ትልቁን ሳጥን ግንቡና ክብሪት ያዙ። አይ... ዞ... ሽ! ሳጥኑ ውልፍት አላለም። ግንቡ ሳጥኑን፣ ቀጥሎ ክብሪትን ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ! ለካ ጉልበት አለህ!»

ፒያኖዋን ያዙ። ክብሪት ከላይ፣ ግንቡ ከታች፣ አለቃ ከጎን። ደረጃው ጠባብ ነው፤ መታጠፊያው ላይ ያስጨንቃል። እዚያ ሲደርሱ ቀበቶው እጃቸውን ቆረጠው፣ ላባቸው ዓይናቸው ውስጥ ገባ። ሦስቱም፣ በሦስት ዓይነት አነጋገር፣ ባንድ አፍ «አይ... ዞ... ሽ!» አሉ። ክብሪት ከሁሉም እኩል አነሳ። ፒያኖዋ ከፍ ብላ፣ ዞራ፣ ግድግዳውን ሳትነካ አለፈች። ከላይ የሚከተሏቸው እናት ጮክ ብለው፣

«ለእኔም በሉኝ እንጂ፣ ልጆቼ! ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው!»

«አይዞዎት እማማ!» አለ ክብሪት።

«የለም የለም፣ እሷን ያላችኋትን!»

በሳቅ ፒያኖዋ ልትለቀቅ ነበር።

መኪናው ላይ ጭነው ሲጨርሱ አለቃ ቀበቶዎቹን ጠቀለሉ። ክብሪት ዓይን ዓይናቸውን አየ። እሳቸው ጥቅሉን ደረቱ ላይ አኖሩለት።

«ሰኞ ቡፌ አለ። ቃሉን አንተ ነህ የምትለው፤ የኔ ድምፅ አይስብም።»

ያን ቀን ቤቱ በእግሩ ይሁን በክንፍ እንደገባ ራሱም አያውቅም።

ወራት አለፉ። አንድ እሑድ ክብሪት፣ ሚስቱና ልጃቸው ሊንሸራሸሩ ወጥተው አንድ ሕንፃ ሥር ሲደርሱ የድርጅቱን መኪና ቆሞ አዩት። የሚሠራው ሌላ ቡድን ነው። ከክብሪት አገር የመጣ አንድም ሰው የለበትም። በደረጃው መስኮት ግን ጎርናና ድምፆች ወረዱ፣ «አይ... ዞ... ሽ!»

«ምን እያነሱ ይሆን?» አለች ሚስቱ።

«ፍሪጅ ነው መሰለኝ።»

«ፍሪጅን አይዞሽ? እሷስ ምን ሆነች፣ በረዳት?»

ክብሪት ሳይመልስላት ልጁ እጁን ለቀቀች። በቤት ውስጥ እየቆመች እየወደቀች እንጂ ብቻዋን ተራምዳ አታውቅም። አሁን ግን ድምፁ ወደመጣበት ቀና ብላ አየች። የተጠራችው እሷ ናትና፣ እጇን ዘርግታ፣ ሆዷን አስቀድማ፣ ወደ ሕንፃው በር መራመድ ጀመረች።