ዋጫ መድረስ ያቃታት ቮልስ

መካኒኩ ዋለ ቦንጋ ከተማ ውስጥ መኪና ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል። የታመመ ሞተር ሲመጣለት መጀመሪያ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «መኪና አይዋሽም፤ የሚዋሸው ባለቤቱ ነው» ማለት ይወዳል። ሙያውን የተማረው በአንዲት ሰማያዊ ቮልስ ላይ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡት መምህርት እትዬ ወሰንየለሽ ናቸው፤ የማንኪራ ጫካን ማር ዋጫ ከተማ ገበያ ድረስ ጭነው የሚሸጡት በእሷ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ ቮልሷ ዓመል አወጣች። ከቦንጋ ወጥታ ሃያ ደቂቃ ያህል ትሄድና ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ተንገጫግጫ ቀጥ ትላለች። ጥቂት ካረፈች በኋላ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ዋለ ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ፣ የቤንዚን ፓምፑን ለወጠ። ጋራዥ ውስጥ ቤንዚን የሞላ ሃይላንድ ከላይ ሰቅሎ፣ ሲያልቅ እየሞላ፣ በቱቦ ሲያጠጣት ግማሽ ቀን ሳታቋርጥ ሠራች። መንገድ ላይ ግን ያው ናት።

«ዋለ፣ ይሄ ጆሮህ እንደኔ ጡረታ ይውጣ!» አሉት እትዬ። «ቅዳሜ ዋጫ ካላደረሰችኝ ለጅማው ሰውዬ እሸጣታለሁ። ሆቴሉ በር ላይ አቁሞ አበባ ሊተክልባት ነው።»

«አበባ? በዚህች ላይ?» አለ ዋለ። የቀን ሥራውን ሁሉ ትቶ ቅዳሜ ማለዳ አብሯቸው ወጣ።

ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ቮልሷ ቆመች። ዋለ በዚህ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ሞተሩ አልሄደም። በሃይላንድ ስትጠጣ ጤነኛ ከሆነች ሕመሙ ታንኩ ጋ መሆን አለበት። ማሩ የተጫነበትን፣ ታንኩም ያለበትን የፊት ኮፈን ከፍቶ አሸተተ።

«እትዬ፣ ማር ማር ይላል።»

«የጫንኩት ማር! ታዲያ ምን ሊል ኖሯል?»

«ቤንዚኑስ? የድሮ ቮልስ ኮፈን ቤንዚን ሳይሸት አይውልም።»

እትዬ ኮራ አሉ። «ለእሱማ መላ አበጀሁለት። ደንበኞቼ ማርዎ ቤንዚን ቤንዚን ይላል እያሉ ሲመልሱብኝ፣ የታንኩን ክዳን እንደ ማር ማሰሮ አፍ በሰም ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩት።»

«መቼ?»

«ክረምቱ ሲወጣ።»

ዋለ ክዳኑን አሽከረከረው። ታንኩ «ፍስስስ» ብሎ አየር ሳበ። ሰሙ የክዳኑን መተንፈሻ ቀዳዳ ደፍኖት ኖሯል፤ ቤንዚኑ ሲጎድል በምትኩ አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ ስታርፍ ጥቂት አየር ስለሚሰርግ ደግሞ ትነሣለች። ዋለ መንገዱ ዳር ቁጭ ብሎ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«የነኩት ነገር አለ ወይ ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁዎት እኮ!»

«ሞተሩን መቼ ነካሁ? ሞተሩ ከኋላ ነው ያልከኝ ራስህ ነህ!»

ሰሙን በቢላ ፍቆ ቀዳዳዋን በመርፌ ከፈታት። ማሩ ቤንዚን እንዳይሸት ወደ ኋላ ወንበር ተዛወረ፤ ቦታ ያጣውን አንድ ባልዲ ማር ዋለ ጭኑ ላይ አቅፎት ተቀመጠ። ቮልሷ ዋጫ እስክትገባ አንዴም አልቆመች።

እትዬ ገበያው መግቢያ ላይ ስልካቸውን አውጥተው ለጅማው ሰውዬ ደወሉ።

«ልጄ፣ አበባህን መሬት ላይ ትከል» አሉት። «የኔዋ ሥራ ላይ ናት።»